በካራቆሬ የተሠራች አይሮፕላን

በ2016 ዓ.ም በየካቲት ወር መጀመሪያ፥ ተማሪዎች የመንፈቅ ፈተናቸውን ጨርሰው ባረፉበት ሳምንት፥ የ14 ዓመት ልጅ የሆነውን የወንድሜን ልጅ አስከትዬ ወደ ካራቆሬ ወርጄ ነበር። የሄድሁበት ምክንያት ዕድሜያቸው ወደ 90 የተጠጋውን የአባቴን ታናሽ እኅት ለመጠየቅ ነው እንጂ ስለ አይሮፕላን ለመጻፍ አልነበረም። ነገር ግን ልጁ በመጽሐፍ መያዣው ውስጥ አጥፎ ይዞት የሄደው አንድ ቅጠል ወረቀት የአምስት ቀን ሥራና የአምስት ቀን ክርክር አመጣብን፤ ስለዚህ ያየሁትንና የሰማሁትን ለክቡራን አንባብያን ላቀርብ ወደድሁ። በአዲስ አበባም በምዕራብ በኩል ካራቆሬ የሚባል ሠፈር ስላለ አንባቢ እንዳይሳሳት ይሁን፤ እኔ የምናገረው በደሴ ጎዳና ከአጣዬ ቀጥላ ስላለችው ስለ ይፋቷ ካራቆሬ ነው።

መንገዱን ብዙዎች ያውቁታልና በአጭሩ አልፈዋለሁ። ከደብረ ብርሃን ተነሥቶ የጣርማ በርን ብርድ የቀመሰ ሰው፥ ከ3,000 ሜትር በላይ ከሆነው ከፍታ ላይ ቆሞ ወደ ምሥራቅ ሲመለከት፥ ምድሪቱ ከእግሩ ሥር ተቈርጣ የወደቀች ይመስለዋል። ተራራውን በስቶ የሚያልፈው ዋሻ ኢጣልያኖች በወረራቸው ዘመን ያሠሩት ነው፤ ርዝመቱ ከ500 ሜትር ይበልጣል። ልጁ በጨለማው ውስጥ መስኮት ከፍቶ አንገቱን ቢያወጣ የአውቶቡሱ ረዳት ተቈጣው። ከዋሻው በኋላ ደብረ ሲና፥ ከዚያ አርማንያ፥ ቀጥሎም ሸዋ ሮቢት ነው። ጠዋት በደብረ ብርሃን ጋቢያችንን ተከናንበን ቡና የጠጣን ሰዎች፥ በሸዋ ሮቢት ካፖርታችንን አውልቀን በክንዳችን እንደ ያዝን ጥላ እንፈልግ ነበር። ከጣርማ በር እስከ ሮቢት የሚወርደው ቍልቍለት ከ1,500 ሜትር በላይ ስለ ሆነ፥ ጆሮ ይደፈናል፤ ሕፃናትም ያለቅሳሉ። በሮቢት ዙሪያ በመስኖ የሚለማውን ሽንኩርትና ማሾ፥ ትምባሆውንም እያየን ጀውሃን ተሻገርን። ሰንበቴ በእሑድ ገበያዋ የታወቀች ናት፤ የደጋው ሰውና ኦሮሞው፥ አርጎባውና ከበረሃ የወጣው አፋር በአንድ ሜዳ ላይ የሚጨባበጡበት ገበያ ነው። እኛ ግን ያለፍነው በማክሰኞ ቀን ስለ ነበረ ከባዶ ሜዳና ከጥቂት ፍየሎች በቀር ያየነው የለም።

ካራቆሬ ትንሽ ከተማ ናት፤ በጎዳናው ግራና ቀኝ የተደረደሩ የቆርቆሮ ቤቶች፥ ከነርሱም ኋላ የማሽላና የጤፍ ማሳ አላት። በስተ ምዕራብ የመንዝና የግሼ ደጋ እንደ ግንብ ቆሞባታል፤ በስተ ምሥራቅ ቆላው እየተዘቀዘቀ ወደ አዋሽ ይሄዳል። ይህ አገር የታላቁ ስምጥ ሸለቆ ጠርዝ ስለ ሆነ ምድሩ ጸጥ ብሎ የተኛ ምድር አይደለም። በ1953 ዓ.ም በግንቦት ወር በተነሣው የምድር መናወጥ ማጀቴ ፈርሳ፥ ካራቆሬም ክፉኛ ተጎድታ፥ የደሴ ጎዳና ተሰነጣጥቆ ነበር። የአክስቴም የመጀመሪያ ቤት በዚያ ሌሊት ወደቀ። ስለዚያ ሌሊት በጠየቅኋቸው ጊዜ የመለሱልኝን ያን ጊዜ ብዙም አላሰብሁበትም ነበር፤ ኋላ ግን ትዝ አለኝ። «ከመሬት በታች መጮኹን የሚያውቅ ማን ነበር?» አሉ። «ያ የጣልያን አይሮፕላን የተመለሰ መስሎን ሁላችንም ከቤት ወጥተን ወደ ሰማይ አንጋጠጥን።»

እንግዲህ ወደ ወረቀቱ ልመለስ። ልጁ የያዘው ፊያት ሲ አር 42 የተባለው የኢጣልያ ተዋጊ አይሮፕላን ሥዕል ነበር፤ ከላይ፥ ከጎንና ከፊት የታየ፥ ልኩም የተጻፈበት። ይህን አይሮፕላን የነደፈው ሮዛቴሊ የተባለው መሐንዲስ ሲሆን፥ መጀመሪያ የበረረው በ1930 ዓ.ም በግንቦት ወር ነው። ክንፉ ድርብ፥ የአብራሪው መቀመጫ ለነፋስ የተከፈተ፥ እግሩም የማይታጠፍ ነበር። ሌሎች መንግሥታት ነጠላ ክንፍና የሚታጠፍ እግር ወዳላቸው ፈጣን አይሮፕላኖች በተሻገሩበት ሰዓት የወጣ ስለ ሆነ፥ ገና ሲወለድ ያረጀ ነበር ለማለት ይቻላል። ቢሆንም 840 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተርና በአየር ላይ በቀላሉ የሚጠማዘዝ አካል ስለ ነበረው የናቁት ሁሉ በደኅና አልተመለሱም። ዛሬ አንዱ ለንደን ውስጥ በሄንደን ቤተ መዘክር ቆሞ ይታያል።

ልጁ ከብዙ አይሮፕላኖች ይህን የመረጠበት ምክንያት የጎንደር ታሪክ ነው። ጥቅምት 14 ቀን 1934 ዓ.ም፥ ጎንደር ልትያዝ አንድ ወር ያህል ሲቀራት፥ ማላቮልታ የሚባል የኢጣልያ የመቶ አለቃ ብቻውን በፊያቱ ተነሥቶ፥ ከጎንደር በስተ ሰሜን በአምባዞ አጠገብ ከደቡብ አፍሪካ አየር ኃይል ግላዲያተሮች ጋር ገጠመ። ግላዲያተር ደግሞ እንግሊዞች ከሠሯቸው ባለ ድርብ ክንፍ ተዋጊዎች የመጨረሻው ነው። ሆፕ የተባለው የደቡብ አፍሪካ አብራሪ ፊያቱን መትቶ ጣለው፤ ማላቮልታም በመቀመጫው እንዳለ ሞተ። በምሥራቅ አፍሪካው ጦርነት በአየር ላይ ውጊያ የወደቀ የኢጣልያ አይሮፕላን ከዚህ ወዲያ የለም። በማግሥቱ ሆፕ በኢጣልያኖች ምሽግ ላይ በርሮ ወረቀት ጣለ፤ ቃሉም የፊያቱ አብራሪ ደፋር ሰው እንደ ነበረ የሚመሰክር የክብር ስንብት ነበር። ልጁ ይህን ታሪክ ካነበበ ጀምሮ ሁለቱንም አይሮፕላኖች ጎን ለጎን ሠርቶ በክፍሉ ጣራ ለመስቀል ተመኝቶ ኖሯል። በፊያቱ ሊጀምር አሰበ።

በፋብሪካ ተቈራርጦ በሳጥን የሚሸጥ የአይሮፕላን አምሳያ እንዳለ የታወቀ ነው። እኔም በአዲስ አበባ ፈልጌለት ዋጋውን ስሰማ ዝም ብዬ ወጣሁ። በካራቆሬ ግን የማሽላ አገዳ ነበረ። አዝመራው ከተሰበሰበ ወራት አልፎ አገዳው በየጓሮው ተከምሮ ደርቆ ቆሟል። ባላገር ያደገ አንባቢ ሁሉ በልጅነቱ ከአገዳ ጋሪና ቤት ሳይሠራ አልቀረም፤ የውስጡ ልብ እንደ ቡሽ የቀለለ፥ በቢላዋ የሚታዘዝ፥ የውጭው ቅርፊት ደግሞ ቀጥ ያለና ጠንካራ ነው። በእሾህ ይጋጠማል። ለወረቀቱ ማጣበቂያ ከግራር ላይ የሚለቀም ሙጫ አለ። ልጁ ይህን ባሳየሁት ጊዜ ከሳጥኑ ይልቅ ደስ አለው፤ ወይም ደስ ያለው መስሎ ታየኝ፤ የዚህ ዘመን ልጆች አጎታቸውን ላለማሳዘን ይዋሻሉና።

መጠኑን 1 በ20 አደረግነው፤ ይኸውም የእውነተኛውን አይሮፕላን 20 ሴንቲ ሜትር በአምሳያው 1 ሴንቲ ሜትር ማድረግ ነው። የላይኛው ክንፍ 9 ሜትር ከ70 ስለ ሆነ 48 ሴንቲ ሜትር ተኩል ይወጣዋል። የታችኛው አጠር ያለ ነው፤ 6 ሜትር ተኩሉ 32 ሴንቲ ሜትር ተኩል ይሆናል። ቁመቱ 18 ሴንቲ ሜትር፥ ርዝመቱ 41 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። እዚህ ላይ አንድ ስሕተት ደረሰብን። ልጁ ወረቀቱን ያሳተመበት፥ ስሙን የማልጠራው ሱቅ፥ ሥዕሉ ገጹን እንዲሞላ ብሎ ወደ ጎን ስቦት ኖሯል። እኛም ወረቀቱን አምነን በማስመሪያ እየለካን አንድ ሙሉ ቀን ከሠራን በኋላ፥ አካሉና ክንፉ ሲገናኙ የተራበ ወፍ የመሰለ ነገር ወጣ። ከዚያ በኋላ ሥዕሉን ለቅርጽ ብቻ ተመልክተን ልኩን ሁሉ ከቍጥሩ በሒሳብ አወጣን። ለጀማሪ የምመክረው ይህን ብቻ ነው፤ ቍጥር ይታመን፥ ሥዕል ይጠርጠር።

አካሉ አራት ረጃጅም የአገዳ ቅርፊቶች ከካርቶን በተቈረጡ ክቦች ዙሪያ ተሰክተው የተሠራ ነው። ክንፉ እያንዳንዱ ጎድን ከፊት ወፍራም፥ ከኋላ ስስ ሆኖ ከአገዳው ልብ ተቀረጸ። በላዩ ያሮጌ ደብተር ቅጠል በሙጫ ውሃ እያራስን ለበጥነው፤ ወረቀት ሲርስ ይላላል፥ ሲደርቅ ግን እንደ ከበሮ ቆዳ ይወጠራል። የመጀመሪያው ክንፍ ሌሊቱን ደርቆ ስናየው እንደ ቅጠል ተጠማዝዟል። ምክንያቱን ለማወቅ ብዙ ተጨቃጨቅን። ኋላ እንደ ተረዳነው የላዩን ፊት ብቻ ለብጠን ስላሳደርነው፥ አንዱ ወገን ሲሳብ የሚመልሰው ጠፍቶ ነው። ሁለተኛውን ከላይና ከታች በአንድ ጊዜ ለበጥነው፤ በሳንቃ ላይ አስተኝተንም ዳርና ዳሩን በአክስቴ የወፍጮ መጅ ጫንነው። ቀጥ ብሎ ወጣ።

ከሁሉ የከበደን ሁለቱን ክንፎች የሚያያይዙት ምሰሶዎች ናቸው። በብዙ ባለ ድርብ ክንፍ አይሮፕላኖች ምሰሶዎቹ ቀጥ ብለው ይቆሙና ክንፎቹ በሽቦ ይወጠራሉ፤ ግላዲያተርም እንደዚሁ ነው። በፊያት ግን ምሰሶዎቹ ራሳቸው ዘመም ዘመም እያሉ ጫፍ ለጫፍ ይገናኛሉ። ከፊት ሲታዩ የንጉሡን «ሠ» ቅርጽ ይመስላሉ። ሦስት ማዕዘን የተባለው ቅርጽ ጎኑ ካልተሰበረ በቀር ስለማይጠመዘዝ፥ ክንፉ ያለ ብዙ ሽቦ ይጸናል። ለዚህ ሥራ አገዳ ወፍራም ነው፤ እሾህም አጭር ነው። ቀጭን፥ ቀጥ ያለና የማይሰበር ነገር ፈልገን በቤቱ ስንዞር አክስቴ ከመደቡ ላይ ሆነው አይተውን ኖሮ፥ «ምን ጠፋባችሁ?» አሉ። ነገርናቸው። ለሞሰብ ስፌት ያስቀመጡትን ስንደዶ ከነእስሩ አውጥተው ሰጡን። ያን ጊዜ ልጁ የሚሠራው ምን እንደ ሆነ ገና አላወቁም ነበር፤ ዐይናቸው ደክሟልና የወፍ ጎጆ መስሏቸው ነበር።

ያወቁት በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ነው። ልጁ ክንፎቹን አጋጥሞ፥ ከስንደዶ ቈራጭ ላይ ጥቍር ክር እየጠመጠመ የሠራቸውን 14 ሲሊንደሮች በአፍንጫው ዙሪያ በሁለት ረድፍ ሰክቶ፥ ሥራው እንዴት እንደሚያምር ለማየት ከደጅ ወደ ሰማይ ከፍ አድርጎ ያዘው። አክስቴ በደጃፉ ተቀምጠው ነበር። ፀሐዩ ከኋላ ስለ ነበረ ዝርዝሩ ጠፍቶ ጥላው ብቻ ታያቸው። ምንም አልተናገሩም፤ ነገር ግን እጃቸው ተነሥቶ ነጠላቸውን ከትከሻቸው ላይ ሰበሰበና በጭናቸው ሥር ሸሸገው።

እኔ ብርድ የተሰማቸው መስሎኝ ጋቢ አመጣሁ። «ጋቢ አልፈለግሁም» አሉ፤ «ነጭ ነገር ሰብስቡ። የምን አይሮፕላን ነው ይህ?» ልጁም ሳይጠረጥር፥ «የጣልያን ነው፥ እማማ» ብሎ መለሰ።

አባታቸው፥ የእኔ አያት፥ በመጋቢት 1928 ዓ.ም ከማይጨው አልተመለሱም። አክስቴ ያን ጊዜ ገና ጡት ያልጣሉ ሕፃን ነበሩ። ኅዳር 26 ቀን በዚያው ዓመት ንጉሠ ነገሥቱ በነበሩበት በደሴ ላይ አይሮፕላኖች ቦምብ ሲጥሉ የሆነውን ከእናታቸው አፍ ሰምተው ነው የሚያውቁት። እርሳቸው ራሳቸው የሚያስታውሱት በኋላ ያለውን ነው፤ አርበኞች በሸዋ ተራራዎች በነበሩባቸው ዓመታት የሚያልፈውን አይሮፕላን። ድምፁ ከሩቅ ሲሰማ እናታቸው አስቀድመው ከአጥር ላይ የተሰጣውን ነጭ ልብስ ሁሉ ይሰበስባሉ፤ ከዚያ ልጆቹን ይዘው ወደ ማሽላው ይገባሉ። ማሽላው ባልደረሰበት ወራት ደግሞ ከወንዙ ገደል ሥር ይቀመጣሉ። «የማሽላው ቅጠል ፊቴን ይቈርጠኝ ነበር» አሉ፤ «አለቅስና እናቴ አፌን በእጇ ትይዘኛለች፤ ከላይ ያለው የሚሰማኝ ይመስል።»

በዚያች ሌሊት አምሳያው ከእርሳቸው ጋር በአንድ ጣራ ሥር እንዳያድር አሉ። ልጁ ተከፋ። ወደ ዶሮ ቤቱ ወስዶ ከላይ በገመድ ሰቀለውና ሳይበላ ተኛ። እኔ ሁለቱንም ላስታርቅ ፈልጌ በማግሥቱ ለአክስቴ የጎንደሩን ታሪክ ነገርኋቸው፤ ማላቮልታ ብቻውን መውጣቱን፥ መሞቱን፥ ሆፕም ለጠላቱ ክብር ወረቀት መጣሉን። እስከ መጨረሻው በጸጥታ አዳመጡኝ። «መልካም አደረገ» አሉ። ጥቂት ቆይተውም፥ «በማሽላው ውስጥ ለነበርነውስ ወረቀት የጣለልን ማን ነው?» ብለው ጠየቁኝ። እውነተኛ ጥያቄ ነበር፤ መልሱን ጠበቁ። እኔም የምመልሰው አጥቼ ቡናው እንዳይገነፍል የተመለከትሁ መሰልሁ።

እንግዲህ ሌላ ብልሃት ሞከርሁ። በዚያው ሰሞን፥ ጥር 21 ቀን 2016 ዓ.ም፥ «ፀሐይ» የምትባለው አይሮፕላን በሮማ ለኢትዮጵያ መንግሥት ተመልሳ ነበር። ይህች አይሮፕላን በ1928 ዓ.ም ሉድቪግ ቬበር በተባለው ጀርመናዊ አብራሪና መሐንዲስ መሪነት በአዲስ አበባ ተሠርታ፥ በታኅሣሥ ወር የበረረች፥ በልዕልት ፀሐይ ስም የተሰየመች ናት። ሞተሯ 115 የፈረስ ጉልበት ብቻ ነበረው። ኢጣልያኖች ማርከው ወስደዋት በብራቻኖ ሐይቅ ዳር በሚገኘው የአየር ኃይላቸው ቤተ መዘክር ለብዙ ዓመታት አኑረዋት ነበር። እኔም ልጁን፥ «ፊያቱን ተውና የራሳችንን ፀሐይን ሥራ፤ አክስቴም ደስ ይላቸዋል» አልሁት። ልጁ የመለሰልኝ ግን ከእኔ የበለጠ አስተዋይ ነበር። «ጋሼ፥ ፀሐይን ልሠራት እወዳለሁ። ነገር ግን ልኳን አላገኘሁም፤ ያለ ልክ ከሠራኋት መጫወቻ ናት። ደግሞም ፊያቱን ብሸሽገው የነበረውን አልነበረም ማለት አይሆንብኝም?»

ከዚህ የባሰው ክርክር የምልክቱ ነገር ነበር። በ1933 ዓ.ም የኢጣልያ አይሮፕላኖች በክንፋቸው ላይ በነጭ ክብ ውስጥ ሦስት የበትር እስር ከነመጥረቢያው ይሣልባቸው ነበር፤ ይኸውም የፋሽስቶች ምልክት ነው። በጅራታቸውም ነጭ መስቀል አለ። ልጁ ቀለሙን ከእርድ፥ ከቡና አተላና ከከሰል ዱቄት አዘጋጅቶ የበረሃውን ቢጫና ቡናማ ሁሉ አሳምሮ ቀብቶት፥ ምልክቱ ላይ ሲደርስ ብሩሹን አስቀመጠ። ምልክቱ ከሌለ አምሳያው ውሸት ነው፤ ምልክቱ ካለ ደግሞ የአክስቴን ቤት ማዋረድ ሆነ። እኔ አይሣል ባይ ነበርሁ። ይህን ስጽፍ እንኳ ልክ እንደ ነበርሁ እርግጠኛ አይደለሁም።

የጎረቤት ሰዎችም በነገሩ ገቡበት። አንዲት እናት፥ «ለልጅ ጨዋታ ይህን ያህል ምንድር ነው?» ሲሉ፥ አንድ ሽማግሌ ግን አክስቴን ደገፉ። በ2013 ዓ.ም በዚህ ጎዳና ያሉ ከተሞች በእሳት ሲጎዱ፥ በ2014 ዓ.ም በኅዳር ወር ደግሞ ጦርነቱ እስከዚህ በወረደ ጊዜ፥ ማሽላው ደርሶ ቆሞ ነበርና አክስቴ፥ «ወደ ማሽላው ውሰዱኝ» ብለው አስቸግረው፥ ጎረምሶች በቃሬዛ ተሸክመው እንደ ወሰዷቸው ያወቅሁት በዚያች ሰዓት ነው። ለእኔ በስልክ የነገሩኝ፥ «ደኅና ነን፥ ክፉ አላየንም» ብለው ብቻ ነበር።

በአራተኛው ቀን ጠዋት አክስቴ ራሳቸው ልጁን ጠሩት። «ያን ነገርህን አምጣው» አሉ። እርሱም ከዶሮ ቤቱ አወጣው፤ አንድ ላባ ተጣብቆበት ነበር። «ከላይ ያዘውና ከበላዬ አሳልፈው። አትሩጥ።» ልጁ ከመደቡ ላይ ወጥቶ አምሳያውን በራሳቸው ላይ ቀስ አድርጎ አሳለፈው። እርሳቸው እጃቸውን በግንባራቸው ላይ ጋርደው ከሥር ተመለከቱት። ሁለተኛም አሳልፈው አሉት። ሦስተኛም።

«ይህ እርሱ አይደለም» አሉ በመጨረሻ። «የእኛው ክንፉ ነጠላ ነበር፤ ይህ ድርብ ነው። የእኛው ሦስት አፍ ነበረው፤ አንድ በግንባሩ፥ ሁለት በክንፎቹ። ሆዱም ሰፊ ነበር።»

ልጁ ወደ እኔ ዘወር አለ፤ ዐይኑ ፈጥጦ ነበር። አክስቴ ፊደል አልቈጠሩም፤ የአይሮፕላን ሥዕል በመጽሐፍ አይተው አያውቁም። ነገር ግን የተናገሩት ካፕሮኒ 133 የተባለውን ነው፤ ሦስት ሞተር፥ አንድ ሰፊ ክንፍ ከጀርባው ላይ ያለው፥ ኢጣልያኖች በኢትዮጵያ ላይ ቦምብ ለመጣልና አርበኞችን ለማሳደድ የተጠቀሙበት አይሮፕላን። ፊያት ሲ አር 42 ወደ አገራችን የመጣው ዘግይቶ፥ በ1932 ዓ.ም ግድም ነው። የአክስቴ ዐይን ከ80 ዓመት በላይ የያዘው ቅርጽ አልተሳሳተም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ትዝ ይለኛል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት፥ በ1934 ዓ.ም፥ የአሜሪካ ባሕር ኃይል የአገሩን ተማሪዎች 500,000 የአይሮፕላን አምሳያዎች ከእንጨት ቀርጸው እንዲሰጡ ጠይቆ ነበር። መጠናቸው 1 በ72 ሆኖ ሁሉም ጥቍር ይቀቡ ነበር፤ ምክንያቱም ወታደሮች ቀለምና ምልክት ሳያዩ፥ በጥላው ብቻ፥ ወዳጅን ከጠላት መለየት እንዲማሩ ነው። ዛሬም በሳጥን ከሚሸጡት አምሳያዎች ብዙዎቹ በ1 በ72 መጠን የሚሠሩ ናቸው። አሜሪካኖች በብዙ ድካም ለወታደሮቻቸው ያስተማሩትን፥ የይፋት ሕፃናት በማሽላ ውስጥ ተኝተው ያለ አስተማሪ ተምረውት ኖሯል።

«እንግዲያው ይግባ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ሰይጣኑ እርሱ ስላልሆነ ይቅር የሚሉት መስሎኝ ነበር። «የዚያው ቤት ልጅ ነው» አሉ ቈጣ ብለው። «ግን ይግባ፤ ዶሮዎቹ አበላሹት። ያን የሚሣለውንም ይሣልበት፤ ያልተጻፈበት ከሆነ ነገ ሌላ ሰው የእኛ ነው ይለዋል።»

ልጁ በዚያው ቀን ምልክቶቹን በጥንቃቄ ሣለ። እጁ ሲንቀጠቀጥ አየሁት፤ ሦስቱ በትሮች በ1 በ20 መጠን እጅግ ደቃቅ ስለሆኑ ነው ቢለኝም፥ ለዚህ ብቻ አይመስለኝም። አክስቴ በአጠገቡ ተቀምጠው ስንደዶ ይሰነጥቁ ነበር። ብዙ ጊዜ ዝም ብለው ከቆዩ በኋላ፥ «ባለ ሦስት አፉንም መሥራት ትችላለህን?» አሉት።

«እችላለሁ፥ እማማ። ግን ለምን?»

«እኔ ሆዱን እንጂ ጀርባውን አይቼው አላውቅም» አሉ። «ሁልጊዜ ከሥሩ ነበርሁ። ሥራልኝና ከላይ ልየው።»

ወደ አዲስ አበባ የተመለስነው ቅዳሜ ጠዋት ነው። ከአጥሩ ጓሮ አንድ ሸክም አገዳ መርጠን አሰርን፤ አክስቴም ከስንደዷቸው ለሦስት ሞተር የሚበቃ ቈጥረው ጨመሩልን፤ እንዳይጐድል ብለው ሁለት ጊዜ ቈጠሩት። የአውቶቡሱ ረዳት፥ «ማሽላ በሌለበት አገር ከብት ልታረቡ ነው?» ብሎ ለአገዳው የአንድ ሰው ዋጋ ጠየቀን፤ በግማሽ ተስማማን። ፊያቱ በልጁ ጭን ላይ ተቀመጠ። ሸዋ ሮቢትን አልፈን ዳገቱን ስንጀምር ልጁ የካፕሮኒውን ልክ ጠየቀኝ፤ በስልኬ ፈልጌ፥ ክንፉ ከዳር እስከ ዳር 21 ሜትር ከ24፥ ርዝመቱ 15 ሜትር ከ36 መሆኑን ነገርሁት። በ1 በ20 ከሆነ ከ1 ሜትር ይበልጣል፤ ወደ ካራቆሬ ስንመልሰው በአውቶቡስ በር አይገባም። ስለዚህ 1 በ40 እንዲሆን ወሰነ። ወደ ጣርማ በር ዋሻ ስንገባ ጨለመብን፤ ልጁም የስልኬን መብራት አብርቶ በደብተሩ ላይ፥ «ክንፍ 53 ሴንቲ ሜትር ከ1 ሚሊ ሜትር፤ አካል 38 ሴንቲ ሜትር ከ4 ሚሊ ሜትር» ብሎ ጻፈ።